መሃል ሰፋሪ

ጀበል አሊ ማታ፣ ከኢሻ አዛን ኋላ፣
ሙቀቱ ሳይበርድ፣ አሸዋው ሳይላላ፣
መብራት አበራለሁ፣ አራቱን ምሰሶ፤
ያ ሰው ይመጣል ቁምጣውን ለብሶ።

እኔ የሣሩ ሰው ነኝ፣ ውሃ አጠጪው፣
ኖራ በጋሪ ገፍቼ መስመር አውጪው።
ሜዳው ዕንቁላል ነው፣ ማዕዘን የለው፣
ከዳር ዳር ለመሮጥ ስንቅ የሚያሻው።
ኳሷም የሜዳው ልጅ፣ ጫፍና ጫፏ ሾጣጣ፤
መሬት ነክታ ስትነሣ ወዴት እንደምትወጣ
ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሐሙስ ነው ጨዋታው፤ መሐንዲስ አለ፣ አስተማሪ፣
የባንክ ሰው፣ ነርስ፣ አብራሪ፤
ለሳቅ ነው የሚመጡት፣ ላብ አውጥቶ ለመጠጣት፤
እሱ ግን ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፣ እንደ ቅጣት።
አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ
ጉልበቱን በፕላስተር ይጠቀልላል፣ ዝም ብሎ።

ናሁሠናይ ይባላል፤ ሜልበርን ነው ትውልዱ፤
የሆስፒታል አንሶላ ማጠብ ነው የእናቱ እንጀራ ገመዱ።
ጨዋታ አስተላላፊው ስሙ ለምላሱ ቢከብደው
"ሰኒ" ብሎ አሳጠረው፤ "ፀሐያማ" ማለት ነው።
ሰማንያ ሺህ ሰው ባንድ አፍ "ሰኒ!" ሲል ሰምቷል ጆሮው፤
ዛሬ ፀሐይን ሸሽቶ በሌሊት ነው የሚጫወተው።

"ሥራህ ምን ነበር?" አልኩት አንድ ቀን፣ ውሃ እየሰጠሁት።
"መሃል" አለኝ።
"የምን መሃል?"
"በቃ፣ መሃል።" ሳቅሁበት።
በእኛ አገር መሃል ሰፋሪ ማለት፣ ጠቡ እስኪለይለት
ወገቡን ይዞ ቆሞ፣ ላሸነፈው የሚያጨበጭብለት።

የእሱ መሃል ሌላ ነው።
ዳኛው ኳሷን አንጥሮ ሽቅብ ሲለቃት፣
ስምንት ሰው ባንዴ ዘሎ ሲናጠቃት፣
በክርንና በጉልበት መካከል ገብቶ
ጭቃ እንደ ዋጠው ቀለበት ፈልቅቆ የሚያወጣት፣
በቡጢ መትቶ ለሌላ የሚሰጣት።
ጎል የሚያገባውም ያ ሌላ ነው፤ ፎቶ የሚነሣውም።
መሃለኛ አይነሣም።

ባንድ ጨዋታ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር።
ከትከሻው መሃል፣ ከማሊያው ሥር፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር
እርምጃውን ትቆጥርበት ነበር።
"እኛንም ካምፓኒው በጣት አሻራ ነው የሚቆጥረን" አልኩት።
ተሳሳቅን።

ዘጠኝ ዓመት። መቶ ሠላሳ አንድ ጨዋታ።
ግራ ጉልበቱ ሁለት ጊዜ፣ ጎድኑ አንዴ፣ ጣቶቹ ያልተቆጠሩ።
አንድ ቀን ጭንቅላቱን ተመትቶ ወደቀ፤
ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ "ከማን ጋር ነው የምትጫወተው?" ብሎ ጠየቀ።
"እናቴ ከፈረቃ ወጣች?" አለ፣ ዓይኑን ከፍቶ።

ያሰናበቱት ማክሰኞ ነው፤ ስብሰባው ሰባት ደቂቃ።
አንዱ አለቃ ተናገረ፣ ሌላው ውሃ ቀዳ። በቃ።
ጫማዎቹን በካርቶን፣
ቁጥሩን ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ።
"አልተጣላንም" አለኝ።
አውቀዋለሁ ይሄን ነገር፤ እዚህ ካንስል ይሉታል፤
ካንስል የተደረገ ሰው ከማን ጋር ይጣላል?

አሁን ትምህርት ቤት ነው፣ የስፖርት መምህር፤
ልጆቹ ስሙን በሙሉ ይጠሩታል፤ ይገርመዋል።

ትናንት ሰው ሳይመጣ ኳሷን አስያዘኝ።
"ዳኛ ሁንልኝ" አለኝ።
ኖራ ባሰመርኩት ክብ መሃል ቆምን።
አራቱ ምሰሶ ከአራት አቅጣጫ አብርቶበት
አራት ጥላ ወጥቶለታል፤ አራቱም ጉልበታቸውን አጥፈው ይጠብቃሉ።
ኳሷን ከመሬት አጋጨኋት፤ ጠማማ ነጠረች።
ዘለለ፤ አራቱም አብረውት ዘለሉ፤
እሱ ወሰዳት።

ከዚያ፣ እንደ ልማዱ፣ ለማን ልስጥ ብሎ ዞረ፤
ወደ ባዶው ወንበር፣ ወደ አጥሩ፣ ወደ ሩቁ የወደብ ክሬን መብራት ዞረ።

ኖራ የነካውን እጄን ከኪሴ አወጣሁ።