የገባች ቅርንጫፍ

ከጋሊፖሊ ወዲህ፣ ከባሕሩ ጥግ፣
ደረቅ ወይራ ቆሟል ያለ ቅጠል ማዕረግ፤
በሽታው ሲመጣ በትንኝ ክንፍ ታዝሎ
መንደሩን አዳርሷል፣ ከግንድ ወደ ግንድ ዘሎ።
ሲኞር ኮዚሞ ግን መጋዝ አላነሣም፤
«አያቴ የተከለው ደርቆም አይረሳም፤
ሥሩ ገና አልሞተም» ብሎ ካራ ስሎ፣
ደዌ ከማይደፍረው ከሌቺኖ ነጥሎ፣
በመጋቢት ማለዳ ግንዱን ሰነጠቀ፤
አምስት ለጋ ቀንበጥ ስንጥቁ ውስጥ ጠለቀ።
እኔ ክር እይዛለሁ፣ ሰም አቀልጣለሁ፣
በሰዓት ሰባት ዩሮ፤ ስሜ እንግዳየሁ።

የመንደሩ ጸሐፊ ስሜን ሦስቴ አጥፍታ
«ትርጉሙስ?» አለችኝ ብዕሯን አቆይታ፤
«እንግዳ አየሁ» ብላት ቀና ብላ አየችኝ፤
ማኅተሟን መትታ ወደ በር ላከችኝ።

እኩለ ቀን ሲሆን ዳቦ ቆርሰን ስንበላ
ከግንዱ ሥር ሆነን፣ ከማይጥል ጥላ፣
«የዱር ወይራ ናችሁ ሲል ሐዋርያው ጠራን፤
ከጫካ ተቆርጠን ከመልካም ግንድ ገባን፤
የአብርሃም በረከት በሥሩ አጠጣን» አልኩት።

ኮዚሞ ሳቀብኝ ዳቦው እስኪያንቀው፤
«ከተሜ ነው ሰውየሽ፣ ወይራን ከየት ያውቀው!
መልካሙን ነው እኮ ዱሩ ላይ የምንተክል፤
ዱር መልካም ላይ ቢገባ ምን ፍሬ ሊያበቅል?»

መልስ አልነበረኝም። የወይራውን ፍሬ
በጉንጬ ይዤ ቀረሁ፣ እንደ ዕዳ ቋጥሬ።
ሐዋርያው ግን ራሱ አልካደም ያንን፤
ከባሕርይ ውጭ መሆኑን ጽፎታል ነገሩን።
እርሻ ያላስተማረው፣ ልማድ ያልጻፈለት፣
የማይረባው ገብቶ የሚረባበት፣
ጸጋ እንጂ ሌላ ስም ከየት ይገኝለት?

ሽማግሌው አብርሃም ከድንኳኑ ወጥቶ
ቁጠር የተባለ ለት፣ ሰማዩ ተከፍቶ፣
ልጅ እንኳ ሳይኖረው፣ ሣራም ተስፋ ቆርጣ፣
እኔን ቆጥሮኝ ይሆን? ከማን ጋር ልመጣ?
ዘጠኝ ዓመት ቤይሩት የሰው ወለል አጥቤ
ውርስ የሚባል ነገር አልዞረም በልቤ፤
ውርስ ለልጅ ነው፣ ለደም፤ ሠራተኛ ወጥታ
በር ሲዘጋ ትሰማለች ሻንጣዋን አንሥታ።

የአክስቴ ልጅ አጥናፉ፣ ሰባኪ የሆነው፣
በስልክ ይመክረኛል፦ «በረከት ቪላ ነው፤
ዘርሽን ላኪና በእምነት ጠብቂው።»
የቤት ኪራይ አለብኝ፤ ቪላውንም አልጠላ፤
አብርሃም ግን የኖረው በድንኳን ጥላ፤
ከተማለለት ምድር ጨብጦ የያዛት
አንዲት መቃብር ናት፣ ለሣራ የገዛት።

ታዲያ ምን ደረሰኝ? ይህንን ስጠይቅ
እሑድ ትዝ ይለኛል፣ በሌቼ ዝናብ ሲወድቅ፣
በተውሶ አዳራሽ ጋናዊው ግንበኛ፣
አልባኒያዊቷ መበለት፣ ከጎንደር የሆንን እኛ፣
አንድ አባት ስንጠራ በየአፋችን ቋንቋ፤
ይህ መሰለኝ ውርሱ፤ ሌላው ይቆይ፣ በቃ።

ከሰዓት ካራው ስቶ ጣቴን ሸረከተው፤
ኮዚሞ በመሐረቡ ጠምጥሞ አሰረው፤
«አየሽ፣ ቅርንጫፉ ብቻ አይደል የሚቆስለው፤
ግንዱም ካልቆሰለ የሚገባ የለው።»
ስለ ወይራ ነበር የተናገረው እርሱ፤
እኔ ግን ዓርብ ታየኝ፣ የጎኑ መፍሰሱ።

በግንቦት ሁለቱ ደርቀው ተነቀሉ፤
ሦስቱ ግን ዓይን አውጥተው ቅጠል አበቀሉ።
ኮዚሞ አጎንብሶ ለረጅም አየና
«ያ ከተሜው» አለኝ «ስሙ ማን ነበርና?»
«ጳውሎስ፤ ድንኳን ሰፊ።»
«ይኸው! አላልኩሽም?»
ብሎ ሄደ እየሳቀ። ሌላ አልጨመረም።

ማታ ከቤቶቹ በስተጀርባ ወጥቼ
ሰማዩን ቆጠርኩት አንገቴን አቅንቼ፤
መቶ ስደርስ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩ፤
ነገ ሥራ አለብኝ፤ አርባ ላይ አቆምኩ።
ከእነዚያ አንዷ እኔ ነኝ።
የቷ እንደሆነች ግን
አልጠየቅሁም።