ሰም የጠጣ ድንጋይ

አባርሬዋለሁ ስድስት ዓመት ሙሉ፣
የባንክ ዘበኛ ሳለሁ፣ ሳን ፍራንሲስኮ መሐሉ።
ዊልፍሬዶ ኦካምፖ፣ የፊሊፒኖች ልጅ፣
ጥፍሩን ቀለም በልቶት ጠቁሮ የቀረ እጅ።

ከእናቱ ጸሎት የቀረ ጧፍ ይዞ
ጠርዙን ይቀባዋል፣ ቁጢጥ ብሎ፣ ተክዞ።
ድንጋይ ሰም ሲጠጣ ያኔ ነው ያየሁት፤
ወርቁ የቱ ጋ እንዳለ ግን አልደረስኩበት።
ፊሽካዬን ስነፋ
«ሚስተር ኦርቪል፣ አንዴ!» ይላል እየሳቀ፤
ሳንቃው መሬት ሲለቅ እሱም ከኔ ራቀ።

እስከዚያ ቀን ድረስ ባለ ጎማ ሳንቃ
ውሃ የደረቀው መዋኛ ውስጥ ነበር የሚያበቃ።
ደረጃውን፣ ብረቱን፣ የቆሻሻውን ገንዳ
«መንገድ ናችሁ» ያለ እሱ ነው፣ ያ የኔ ዕዳ።

ሲወድቅም አይቻለሁ። አጥንት ሲሰማ አውቃለሁ።
ሳንቃው ለሁለት ሲከፈል አይጥለውም ነበር፤
ስባሪው ላይ ይሥላል የሰፈሩን ነገር፦
ዓሣ ሻጯ ሴትዮ በወርቅ ጥርሷ ስትስቅ፣
ሹፌሩ አባቱ ደግሞ በባዶ አውቶቡስ ሲማቅቅ፣
እኔንም።
አዎ፣ እኔንም ሥሎኛል፣ ቆቤን ደፍቼ
ስሮጥ፣ አንድ ጫማዬን ደረጃው ላይ ትቼ።

ባንኩ ተናደደ፤ ብረት አስተከለ፣
በየክንዱ ርቀት ጉጥ እየቸከለ።
ብሎኑን አንድ ባንድ ያቀበልኩት እኔ ነኝ፤
ደሞዝተኛ ነበርኩ፣ ሦስት ልጆች ያሉኝ።

ዛሬ ሙዚየም ነው ቆሜ የምውለው፤
ስባሪ ሳንቃ ነው የምጠብቀው።
አንድ ጫማ የሌለው ሰውዬ ይሮጣል፤
ከጎኑ ትንሽ ጽሑፍ «አትንኩ» ይለኛል።
ማንም በሌለበት ነክቼዋለሁ፣ አንዴ፣
ጫማዬ የወደቀበትን፣ በአውራ ጣቴ።

ባለፈው ሐሙስ መጣ፣ ዊልፍሬዶ ራሱ፣
ጉልበቱ እያነከሰ፣ ሽበት ወርሶት ራሱን።
ሥዕሉን አላየም። እኔን አየ፤ ሳቀ።
ምንም ሳይናገር ወደ መስኮቱ ዘለቀ።

ከታች፣ ከደጃፉ፣ ልጆች ተሰብስበው
ሰማሁት ያንን ድምፅ፣ ጎማ ድንጋይ ሲፍቀው።
አንዷ ልጅ ወደቀች። ተነሣች። ደገመች።
እሱ በመስታወቱ ላይ፣ በትንፋሹ ጉም፣
በጣቱ ሣላት፤
ጉሙ ሳይጠፋ በፊት ደግሞ ወደቀች።

መዳፌ ላይ አንድ ነገር አኖረና ሄደ፤
የጧፍ ቁራጭ ነበር፣ ከኪሱ ሙቀት የራደ።
«ልጆቹን አባርር! ቶሎ!» ሬድዮኔ አለ፤
ወረድኩ፣
ቀስ ብዬ፣ በደረጃው፣
አሳንሰሩ እያለ።