ወጣ ሲሉት ገባ

«ልጃለም ጡረታ ወጣ» አለ ሰፈሩ፤
ወዴት ነው የወጣው? ቤት ነው ውሎ አዳሩ፣
ቤት ነው ምሳ እራቱ፣ ቤት ነው ክርክሩ።
በኔ አማርኛ ግን፣ እኔ እንደማውቀው፣
ገባ ነው ሚባለው።

እሱ ጨርቃ ጨርቅ፣ የሌሊት ፈረቃ፤
እኔ ፖስታ ቤት ነኝ፣ ጀምበር ስትነቃ።
አንድ ሰዓት ሲሆን፣ እበራችን ደፍ ላይ
ስንተላለፍ ነው የምንተያይ፤
ጥጥ ፀጉሩ ላይ ይዞ ይገባል፣ «ደህና ዋይ»፤
ቦርሳዬን አንግቤ እወጣለሁ፣ «ወጡ ምድጃው ላይ»።
ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነው ያለፈው።
ነቅቶ ያየሁበት ቀኑ የሚቆጠር ነው፤
ሦስት ልጅ ግን ወለድን —
እሑድ ይመስገን።

አሁን ቀን ለቀን ነው።
መጋረጃ ገልጦ፣ ቤቱን እንደ እንግዳ
እየዞረ ያያል፣ ከሳሎን እስከ ጓዳ፤
«ይሄ ወንበር» ይላል፣ «መቼ ነው የመጣ?»
አሥራ ሁለት ዓመቱ! በዕቁብ ነው፣ በዕጣ።
ሽንኩርት ስከትፍ ቆሞ «አደቀቅሽው» ይላል፤
ከሬዲዮ ጋር ሳወራ ሰምቶ ይስቃል።
ልጆች ሲደውሉ፣ «አባባስ ምን ይሠራል?»
«ምን ይሠራል ልጄ፣ እኔን ይቆጣጠራል።»
እኔም አየሁበት ያላየሁት ነገር፦
ሸሚዝ ሲያጣጥፍ ጠርዙን ከጠርዝ ጋር፤
ዳቦ ሲበላ ፍርፋሪውን ለቅሞ
ለወፍ ሲወስድ፣ በረንዳው ላይ ቆሞ
እስኪጨርሱ ሲጠብቅ።

ወር ሲሞላ ደግሞ፣ የጡረታችን ቀን፣
ባንክ ቤቱ ሰርግ ነው፤ እንሄዳለን ለብሰን፣
በዚያች በሥራ ብስክሌቱ ከኋላው ጭኖኝ፣
ባጃጅ ነጂው ሁሉ «አይዞሽ እማማ!» እያለኝ።
የጨርቃ ጨርቅ ሰዎች ሲያወሩ ይጮኻሉ፤
ማሽን ነው ጆሯቸው የቀረበት ሁሉ።
«ደህና ነህ ይዘንጋው?» — «እንዴት ነሽ እንጉዳይ?»
ዘበኛው ጠብ መስሎት ብድግ ይላል ሊያይ።
አምና የተሰለፈ ዘንድሮ ሲጎድል
ማንም አይናገር፤ ሰልፉ ብቻ ያጥራል።

የእድራችን ድንኳን በክረምቱ ነፋስ
ተቀዶ፣ ሲባል «ይጣል፣ ይገዛ አዲስ»፣
እሱ ቁጭ ብሎ፣ መነጽሩን አጥልቆ፣
ድሩን ከማጉ ጋር እንደ ባልና ሚስት አስታርቆ
ሰፋው።
የእድሩ ዳኛ ቢዳብስ አጣው ስፌቱን፤
እኔም ያን ቀን አየሁ የባሌን ጣቱን።

ሌቱ ነው የከፋው። እንቅልፍ እምቢ ይለዋል።
ስምንት ሰዓት ላይ ትራሱ ይበርዳል፤
እሱ በረንዳ ነው።
አንድ ሌት ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ፤
«ምን ትሰማለህ?» አልሁ።
«ማሽኑ ቆመ እኮ፣ ባንቻየሁ» አለኝ፤
«ዝም ሲል ነው እኔን የሚቀሰቅሰኝ።»
ምን ይባላል ለዚህ? ተቀመጥሁ ከጎኑ።
ከዓባይ መውጫው ዘንድ፣ ከሸምበቆው ድኑ
ጉማሬ አጉረመረመ።
«እሱስ» አልሁት፣ «ይኸው፣ አለበት ፈረቃ።»
ሳቁ የጎረቤት ውሻውን አነቃ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ወደ ሐይቁ ወረድን፣
በዘንባባው መንገድ ክንድ ለክንድ ተያይዘን።
ታንኳው ከደንገሉ ተንሸራትቶ ወጣ፤
አንዱ ዓሣ አጥማጅ ቆሮሶ ይዞ መጣ።
«እንግዶች ናችሁ ወይ?» አለን ቀና ብሎ።
አርባ ዓመት የኖርን ሰዎች!
ልጃለም ግን ፈጥኖ፣ ኮቱን አስተካክሎ፣
«አዎ» አለው፣ «ትናንት ነው የገባን።»

ጎሕ ሲቀድ ተመለስን። አንድ ሰዓት ሆነ።
ደፉ ላይ ስንደርስ የሁለታችንም እግር ቆመ፣
እንደ ልማዱ አንዱ ሊገባ፣ አንዱ ሊወጣ።
«ግቢ።» «ኧረ ግባ።» «ኧረ አንቺ ቅደሚ።»
ከዚያ «ደህና ዋይ» አመለጠው፣ ሳያስበው፤
እኔም «ወጡ…» ብዬ ጀመርሁና ተውሁት።
ቆመን ተያየን።
ዓሣው በመካከል፣ ከፌስታሉ ጫፍ፣
ጠብ ጠብ ይል ነበር
እደፉ ላይ።