ኮከብና ጣሳ

ከቼክ ድንበር ወዲህ፣ ኖይሃውስ መንደር፣
ዓርብ ሲመሽ፣ በረዶ ጠብ ሲል ከጣራው ከንፈር፣
ከአንዱ ቤት ደጃፍ ኮከብ ይሰቀላል፣
ከእንጨት የተቀረጸ፣ ስድስት ጫፍ ይዟል።
«ደርሷል» ማለት ነው፤ ሌላ ቃል የለውም፣
ማስታወቂያ የለ፣ የዋጋ ተመንም።
እኔ ግን ጣሳ ነው የታየኝ ተደፍቶ፣
ከጠላ ቤት አጥር በሸምበቆ ወጥቶ፤
ብቻዬን ሳቅኩኝ።
          ኦትማር ዞር አለ፤
«ምነው?» «ምንም» አልኩት። መንገድ ቀጠለ።

ከዚያ በፊትማ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት፣
ጠማቂ ነኝ ብዬ፣ ያለ አንዳች እውቀት፣
በሃያ ሊትር ባልዲ፣ በመታጠቢያ ቤቴ፣
ቴርሞሜትር ይዤ፣ ጨምሮ ጉጉቴ፣
እንደታመመ ልጅ ሙቀቱን ስለካ፣
እርሾው ውስጥ ለውስጥ ሲያኮርፍ ኖሯል ለካ!
ስኳሩን አብዝቼ፣ ቶሎ ከድኜ፣
ገና እንቅልፍ ሳይወስደኝ፣ አልጋ ጫፍ ሆኜ፣
ተኩስ! አሥራ አንድ ጠርሙስ ባንድ ላይ ፈነዳ፣
አረፋ ለበሰ ጣራና ግድግዳ።
ፎቅ ያሉት ባልቴት ፖሊስ ጠሩብኝ፤
መጣ። ባትሪ አብርቶ ከላይ ታች አየኝ።
ግድግዳውን በጣቱ ጠረግ አርጎ ቀመሰ፤
«ስኳር በዝቶበታል» ብሎኝ ተመለሰ።

ኦትማር ይህን ሰማ (ያልሰማ ማን አለ?)፣
በጭቃ ቦት ጫማው ደጄ ከች አለ።
«ቢራ አይቸኩልም። ተነስ፣ እንጨት ፍለጥ።»
ይኸው ነው ትምህርቱ፣ ከዚህም አይበልጥ።

መጥመቂያው የሁሉ ነው፤ መዳብ ጋን ተጥዶ፣
ከሥሩ ይንቦለቦላል የጥድ ማገዶ።
ሁሉም በተራው ነው፤ ጫማ ሰፊው ዛሬ፣
ነገ ዳቦ ጋጋሪው፣ ከዚያ ባለ በሬ።
እሳቱ አንድ፣ ጋኑ አንድ፣ ጭሱም እንኳ አንድ፤
ጣዕሙ ነው የሚለይ ምድር ቤት ሲወርድ።
«የወል ቤት» አልኩት፣ እንደ ግጥሙ ስልት፣
ሁሉ የሚያድርበት፣ ስድስት በስድስት።
የብቅል እንፋሎት ከራሴ እስከ እግሬ
ሲወርድብኝ አድሮ፣ ነጋ በላብ ተነክሬ፤
ጠመቅኩ ብልም እንኳ፣ ተጠመቅኩ ነው እውነቱ፣
የክርስትና አባቴም ኦትማር ከነቦቱ።

ዘንድሮ ደረሰኝ።
ጌሾ ከፍራንክፈርት አስመጣሁ በፖስታ፣
ከሆፑ ቀላቀልኩት፣ ኦትማር ዞር ሲል ላፍታ።
ስድስት ሳምንት ቆየ፣ ምድር ቤት፣ ጨለማ፣
ጆሮዬን ለጥፌ ሲተነፍስ ስሰማ።
ኮከብ ላውስህ ቢለኝ «አለኝ» አልኩ ዋሽቼ፣
የቲማቲም ጣሳ መጥረጊያ እንጨት ላይ ደፍቼ
በመስኮት አወጣሁ።
          እስከ አንድ ሰዓት ማንም።
ድመት አለፈች። እሷም አልገባችም።

ከዚያ እኚያ ባልቴት፣ ፖሊስ የጠሩት፣
የገዛ ብርጭቷቸውን ይዘው ደረጃውን ወረዱት፤
ቀጥሎም ፖሊሱ፣ ያለ ደንብ ልብሱ፣
ከመስታወት ፋብሪካው ስድስቱ ሲደርሱ
አግዳሚው ጠበበ፣ ጉልበት ጉልበት ነካ።
ኦትማር ተጎነጨ። ፊቱን አጨማደደ።
«መድኃኒት ነው ይሄ! ስሙን ማን ትሉታላችሁ?»
«ጠላ» አልኩት። ደግሞም፣ በኛ አፍ ይኸው ቃል
«አልወደደም» ለማለት እንደሚያገለግል
ሰምና ወርቁን ለይቼ ነገርኩት።
ጺሙ ላይ አረፋ እንዳንጠለጠለ፣
ጥቂት አሰበና፣
          «ታዲያ የቱ ነው?» አለ።

ብርጭቆው ባዶ ነው። ምን ብዬ ልመልስ?
ከጥግ በኩል ፖሊሱ፣ ከንፈሩን ሲልስ፣
«ስኳሩ ልክ ነው» አለ።