ጫፉ የተበላ ሜትር

መጋቢት ሰባት፣ ሰኞ ነበር፤ ክፍልፋይ እያስተማርኩ፣
ሦስት አራተኛ ሲደመር አንድ ስምንተኛ፣ እኩል ይሆናል አልኩ፤
መልሱን ሳልጽፍ ተደወለ።
ዘበኛው ጋሽ እሸቴ ያለ ሰዓቱ ቸርኬውን ሲመታው
ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ወይ ዛሬ ይሆናል የመሰለኝ፤
ሰው ያለፈውን ሲተርክ ደወሉንም ያስለቅሳል።

«ለአሥራ አምስት ቀን ነው» አሉ ርዕሰ መምህሩ፤
ልጆቹ ጮቤ ረገጡ፣ ደብተር ወደ ላይ ወረወሩ።
እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ በሆዴ፤
የሰባ ሁለት ልጅ ፈተና ሳይታረም ተከምሮ ነበርና፣ ጉዴ።
የእንጨት ሜትሬን ይዤ ወጣሁ፣ ሌባ እንዳይወስደው ብዬ፣
ሰሌዳ የማሰምርበትን፣ በላቤ የወዛውን፣ የሥራ ዘመን እኩያዬን።

በሳምንቱ የጤና ኤክስቴንሿ ዘይኔ በሬን አንኳኳች፤
«ቲቸር፣ እዚህ ቀበሌ ሜትር ያለው አንተ ብቻ ነህ» አለች።
ከዚያ ቀን ጀምሮ
ሥራዬ ርቀት ሆነ።

ሐይቅ ከተማ፣ ሸማቾች ደጃፍ፣ ዘይት ሰልፍ ላይ አጎንብሼ
አስፋልቱን በጠመኔ ክብ በክብ አለበስኩት፣ እኔም አቧራ ለብሼ፤
ሁለት ሜትር። ሁለት ሜትር።
አንድ ሰው፣ አንድ ክብ፣ አንድ ጄሪካን።
እናቶቹ ግን ክቡን ለጄሪካኑ ትተው
ጥላ ሥር ተጠጋግተው ያወጋሉ፣ ነጠላቸውን ተጋርተው።
ያን ዓመት ርቀቱን የጠበቀው
ጄሪካኑ ነው።

ዓርብ መስጊድ ደጅ፣ እሑድ ደብር፣
ያው ሜትር፣ ያው ጠመኔ፣ ወገቤ እስኪሰበር።
ሼህ ሙሄ ቆመው አዩኝና፣
«ትከሻ ለትከሻ ግጠሙ ስንል ኖረን፣
በመሀላችን ሰይጣን እንዳይገባ ብለን፤
አሁን አንተ፣ ልጄ፣ ማን ይግባ ብለህ ነው የምትለካው?»
መልስ አልነበረኝም።
«አብሽር» ብለውኝ አለፉ።

ወሎ ነው እንግዲህ፤ ሰላምታው ከገበያው መንገድ ይረዝማል፤
ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡ፣ የጎረቤት አማት ሳትቀር ትጠየቃለች።
ያን ዓመት በክርን ነካ አድርገን ስንለያይ
እጃችን ሥራ ፈትቶ ይቀራል፣ ተንጠልጥሎ አየር ላይ።

ሰኔ ላይ ይመር ሞተ።
የአማርኛ መምህሩ፣ የመምህራን ክፍል ጎረቤቴ፣
ጠመኔዬን እየሰረቀ የሚስቅብኝ፣ እንደ ታናሽ ወንድም የማየው።
ማታ በሬዲዮ «አንድ ሰው» አሉ።
ሃያ ሦስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ
አንድ ይህን ያህል ትልቅ ቁጥር መሆኑን አላውቅም ነበር።
ቀብሩ ላይ ሜትሬን ይዤ ከዳር ቆምኩ፤
ሰዉ ተጠጋ። አልለካሁም።
ጥቂት ቆይቼ እኔም ተጠጋሁ።

ክረምቱ ወጣ። ጥቅምት አልቆ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት
ወረዳው አዲስ የብረት ሜትር ላከ፣ ዴስክ የምናራርቅበት።
ከእኔው ጎን ባጋድመው፣ የእኔው አጠረ፤
ጫፉን አስፋልቱ በልቶት ሦስት ሳንቲ ሜትር ጎድሏል።
ለካ ያን ሁሉ ሰው፣ በሰልፉ፣ በመስጊዱ፣ በደብሩ፣
ሕጉ ካለው ስድስት ሳንቲ አቀራርቤው ነበር።
ለዘይኔ አልነገርኳትም።

ስም ጠራሁ።
ሞሚና አራጋው። ዝም።
«ግንቦት ላይ ተዳረች፣ ቲቸር፤ ባቲ ናት» አለች ጓደኛዋ፣
ጭምብሏን ከአፏ ዝቅ አድርጋ፣ እንደ ምስጢር።
ቁጥር አንድ ላይ የምትቀመጥ ልጅ፣ እጇ ከጥያቄው የሚቀድም።
አንዋር ጌታሁን። ዝም።
በታጁራ አድርጎ ባሕር ተሻገረ ይባላል፤ ይባላል ብቻ።
ሌሎቹን አልዘረዝርም፤ መዝገቡ ላይ አሉ።
ከሰባ ሁለቱ ስድሳ ሦስቱ «አቤት» አሉ።

ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። የመጋቢቱ ጽሑፍ አልጠፋም፤
አቧራ ለብሶ፣ ደብዝዞ፣ እኩል ይሆናል እንዳለ ቆሟል።
ጠመኔ አነሳሁና መልሱን ጻፍኩ፤
ሰባት ስምንተኛ።

ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ፤
«ቲቸር፣ ልንገለብጠው ነው?»
«ገልብጡ» አልኩ።