ተጠየቅ፣ ካሜራ

ደብዳቤው ሲመጣ የመንግሥት መስሎኝ ልቤ ደንገጥ አለ፤
ሞራን አገላብጣ «ኩባንያ ነው» አለች፣ «ማኅተም እንኳ የለ።»
አነበበችልኝ ጫማዋን ሳታወልቅ፦
ሐዴራ፣ የሱፐሩ ግቢ፣ ግራጫዋ መኪና፣
ከነታርጋ ቁጥሯ፣ ከነጎኗ ጭረት፣
ሰባት ሰዓት ሙሉ ከሠላሳ ሰባት ደቂቃ ቆማ፤
የተፈቀደው ሁለት።
ቅጣት፦ ሁለት መቶ ሰማንያ ሸቅል፣
በዐሥራ አራት ቀን ካልተከፈለ ይጨመራል።

«ጻፊ» አልኋት። እጄን ታጥቤ ተቀመጥሁ።
አባቴ ማረሻ ቀጥቅጦ ዋጋው ሲቀርበት
ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዘንጉን መሬት ተክሎ
እስኪመሽ ይሟገት ነበር ከዳኛው ፊት።
እኔ ዘንግ የለኝም። የሞራን ስልክ ነው ያለኝ።

በላ ልበልሃ!
ተጠየቅ፣ ካሜራ፣ ከምሰሶ ላይ ያለህ፣
ዐይን ብቻ ሆነህ ጆሮ የሌለህ፤
መግባቴን አይተሃል፣ መውጣቴን ዘለልህ፣
ዳግም ስመለስስ የት ነበረ ልብህ?
ጫፍና ጫፍ ይዘህ መሐሉን የዋጥህ፣
ምስክር ነህ ገመድ? ማንስ ነው ያቆመህ?

በእኔ ሰዓት አንድ፣ በአንተ ሰዓት ሰባት፣
ለወተት ገባሁኝ፣ ወጣሁ ከሩብ በፊት።
ከዚያማ ስወለውል ሦስት ፎቅ ደረጃ
የክሎሩ ሽታ ነው የእኔ መረጃ።
እዚያም እዚህም ሆኜ በአንድ ቀን ከዋልሁ
ለምን የአንድ ሰው ብቻ ደመወዝ በላሁ?
ስምንት ሰዓት አልፎ ተመልሼ መጣሁ፣
የልብስ ሳሙና ገዛሁ፣ ወዲያው ወጣሁ።
ወተቱ ተጠጣ፣ ሳሙናው አረፋ ሆነ፣
ደረሰኙን ጣልሁት፣ ማስረጃዬ ባከነ።

ምስክር ቁጠሪ ካላችሁኝ ግን አለ፦
ቸኮል፣ የበሩ ዘብ፣ ስሙ እንጂ እጁ የማይቸኩል።
በዚያን ዕለት ቦርሳዬን ሁለቴ ከፍቷል፣
አንዴ «እንዴት አደርሽ»፣ አንዴ «እንዴት ዋልሽ» ብሏል።

ሄጄ ጠየቅሁት። ዐይኑን ወደ ጋሪዎቹ አዞረ።
«እህቴ፣ እኔም የኩባንያ ነኝ፣ ኩባንያዬ የሌላ ኩባንያ፣
የዚያ ደግሞ የሌላ። ፊርማዬን ብሰጥሽ
ነገ በዚህ በር ላይ ቦርሳሽን ሌላ ሰው ያየዋል።»
አልፈረድሁበትም።
ትንሽ ፈረድሁበት።

ሞራንም ስልኳን አስቀመጠች።
«ኢማ፣ ይሄ ሁሉ አይገባም፣
ሳጥኑ የሚቀበለው አምስት መቶ ፊደል ነው።»
አባቴን አወጣች። ማረሻውን፣ ገመዱን፣ ክሎሩን አወጣች።
ሦስት መስመር ዕብራይስጥ ቀረ፦
ሁለት ጊዜ ነው የገባችው።
የሥራ ካርዷ ተያይዟል።
ይሰረዝ።

በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ፦
«ስሕተት መኖሩን ሳናምን፣
ግዴታ ሳይኖርብን፣ በቸርነታችን፣
ለዚህ ጊዜ ብቻ ምረንሻል።»
ሞራን እልል አለች። እኔ ቆሜ ቀረሁ።
ምሕረት ማን ለመናችሁ? እኔ የጠየቅሁት ፍርድ ነው።
ማሩኝ ያላለችን ሴት «ማርንሽ» ማለት
ያልሰረቀችን «ይሁንልሽ፣ ውሰጂው» እንደ ማለት።

«እንደገና ጻፊ» አልኋት።
«ኢማ፣ በቃሽ፣ ገንዘቡ ቀርቷል።»
ገንዘቡስ ቀርቷል።

አሁንም እዚያው እሄዳለሁ፤ ሌላ ጋ ወተቱ ውድ ነው።
ቸኮል ቦርሳዬን ይከፍታል ከበፊቱ ቀስ ብሎ፣
ሰላምታውን ግን ጮክ ያደርጋል፣ ምሰሶው እንዲሰማ ይመስል፦
«እንዴት ዋልሽ!»
ስወጣ ከካሜራው ሥር መኪናዋን ገታ አደርጋለሁ፣
መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ሽቅብ አይቼ
«ወጣሁ» እለዋለሁ።
ከኋላዬ ያለው ሰው ጡሩምባውን ይነፋል።
ይንፋ። እሱም ምስክር ነው።