አሥራ አራት ሰከንድ

በሴቡ ከተማ፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣
እኛ ስንነቃ ትተኛለች ፀሐይ።
ማቀዝቀዣው ጨካኝ፤ ሹራብ ደራርበን፣
የሰው አገር ብሶት በጆሯችን ቀልበን፣
ሌሊቱን «ይቅርታ» በደቂቃ ሸጥን።

አለቃችን አንቺ፣ ኤርሊንዳ ካባሆግ፣
ድምፅሽ የማይጮህ፣ ቁጣሽ እንኳን ደግ፣
ደረቅ ማንጎ በላስቲክ መሳቢያሽ ውስጥ ያለ፣
ደዋይ ለሰደበው፣ ዐይኑ እንባ ላዘለ።

ከሚኔሶታ አንድ ሽማግሌ ደወለ፤
«የሚስቴን ስልክ ዝጉልኝ፣ ሞታለች» አለ።
ከዚያ ዝም።
አንቺም ዝም።
በስክሪንሽ ጥግ ቀዩ መብራት በራ፦
«የባከነ ጊዜ፣ አሥራ አራት ሰከንድ።»
ሽማግሌው አፍንጫውን አበሰና
«አመሰግናለሁ» አለሽ፣ አንድ ቃል ሳትይው።
በወሩ መጨረሻ ከደመወዝሽ ጎደለ።
አልተከራከርሽም።

ከሲንጋፖር መጣ አንድ ለስላሳ ሰው፤
ጫማው ድምፅ የለውም፣ ንግግሩም እንደዛው።
«ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሊያግዛችሁ እንጂ
ሊተካችሁ አይደለም» አለን።
ስላይዱ ላይ ፈገግ ያለች ሴት ነበረች፤
እሷም ሰው አልነበረችም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤
የኛ ጆሮ ግን ለኩባንያው ዘመድ ሆነ።
የሰማነው ሁሉ ተቀድቶ፣ ተጠንቶ፣
ሳቃችን ተለክቶ፣ ሳላችን ተለይቶ፣
ለአዲሱ ተማሪ ቀለብ ሆኖ ገባ።

አንቺን «መምህርት» አሉሽ።
ሦስት ወር ሙሉ ሁለት ሁለት «ይቅርታ» እያሰሙሽ
የሚሻለውን አስመረጡሽ።
«ይኼኛው ቸኮለ። ያኛው ተሽቆጠቆጠ።
ይኼ ልክ ነው፣ ግን ትንፋሽ የለውም።»
አንድ ሌሊት፣ ሁሉም ለእራት ወጥቶ፣
«አንዳንዴ መልሱ ዝም ማለት ነው» ብለሽ ጻፍሽ።
የዚያን ዐረፍተ ነገር ዋጋ
ማንም አልጠየቀሽም።

ከዚያ «ዝርዝሩን አምጪ» አሉሽ።
እኔ ሦስተኛ ነበርኩ።
ከፊርማሽ ሥር ቀለም ተንጠባጥቧል፤
እጅሽ ይሁን እስክሪብቶው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።
የማንጎውን ላስቲክ፣ ሳትናገሪ፣
ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሽ።

ላንቺ ማዕረግ ጨመሩልሽ፦
የሃያ ሁለት ወንበር አለቃ፤
የማያስል፣ የማያረግዝ፣ ጎርፍ መንገድ የማይዘጋበት፣
በልደቱ ቀን ኬክ የማይቆረስለት
ሠራዊት መሪ።
ሲሳሳት የምትጠየቂው አንቺ፣
ሲሳካለት የሚሸለመው ለስላሳው ሰውዬ።

እኔ አሁን ካርቦን ገበያ አጠገብ
የተሰነጠቀ የስልክ ስክሪን እቀይራለሁ።
እጄ ሥራ አላጣም፤ ጆሮዬ ነው ቦዘኔ።

በዝናቡ ወራት አባቴ ሞተብኝ።
ስሙን ከመብራት ውሉ ላሰርዝ ደወልኩ።
የማንም ያልሆነ ድምፅ አነሳው።
«ባለ ውሉ ሞቷል» አልኩት።
ዝም አለ።
ልማድ ነውና ቆጠርኩ፦
አሥራ ሁለት፣
አሥራ ሦስት፣
አሥራ አራት።

ቀይ መብራት የለም። የሚቀጣ የለም።
ያኔ ያስቀጣሽ ዝምታ
ዛሬ በየአገሩ «ልዩ አገልግሎት» ተብሎ ይሸጣል።
ጉሮሮዬ ላይ የቆመው ነገር ወረደ፤
አለቀስኩ፣ ኤርሊንዳ። ደግሞም ተጽናናሁ፤
ያናደደኝ እሱ ነው።
ማንን ላመስግን? ማንን ልክሰስ?
አንቺ አልነበርሽም። አንቺ ነበርሽ።

«ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖር ይሆን?» አለኝ በአንቺው ትሕትና።
ስልኩን ሳልዘጋ ቆየሁ፣ የሚመለስ ቃል ጠፋና።

ስሙን ሰው ሠራሽ አሉት፤ እኔም ልክ ናችሁ አልኩ፤
ሰው ሠራሽ፣ ኤርሊንዳ፣ ከትንፋሽሽ ቆርሰሽ፤
ማንጎ ማካፈሉን ብቻ ማስተማር ረሳሽ።
አንቺንስ፣ እህቴ፣
አንቺን ማን ሠራሽ?